«እባክዎ» የበዛበት አቤቱታ

በዚህ የሂስ ዓምዳችን እስካሁን መጽሐፍ ስንተች፣ አልፎ አልፎም የካምፓችን ወጣቶች የሚያሳዩትን ድራማ ስንተች ቆይተናል። የዛሬው ግን ወጣ ያለ ነው። የምንተቸው ማመልከቻ ነው። አዎ፣ ማመልከቻ! ከኛው ካኩማ ተነስተው ናይሮቢ ውስጥ የማስተርስ ትምህርት ላይ ከሚገኙ ልጆች ባለፉት ወራት ሰባት የአቤቱታ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። «መምህር፣ እስቲ እንግሊዝኛውን ያስተካክሉልኝ» እያሉ ነው የላኩልን። እኛም እንደ ልማዳችን ቀይ እስክሪብቶ አንስተን ሰዋስው ስናርም ከረምን። ችግሩ የሰዋስው አለመሆኑ የገባን አራተኛው ላይ ስንደርስ ነው። የደብዳቤዎቹ ባለቤቶች ስማቸውንና ዩኒቨርሲቲያቸውን እንዳንጠቅስ አደራ ብለው፣ ስለ አጻጻፉ ግን እንድንናገር ፈቅደውልናል።

ከሰባቱ አንዱን ጠበቅ አድርገን እንይ። ጸሐፊዋ ኢስሊ ሰፈር ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር እኅታችን ናት። የክፍል ትምህርቷን በጥሩ ውጤት ጨርሳለች። የመመረቂያ ጽሑፏን የመጀመሪያ ሦስት ምዕራፎች ለአማካሪዋ ካስረከበች ግን አሥራ አራት ወር ሆኗታል። በነዚህ ሁሉ ወራት አማካሪዋን ፊት ለፊት ያገኘችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በመጀመሪያው «እያነበብኩት ነው» ተባለች። በሁለተኛው ርዕሱን እንድትቀይር በአፍ ተነገራት። ርዕሱ እኮ በትምህርት ክፍሉ የጸደቀ ነው! ለምን ይቀየራል? አልተነገራትም። በዚህ መሀል ስኮላርሺፗ ሊያልቅ አንድ ሴሚስተር ቀርቶታል። እሱ ካለቀ ኪራይ የለም፣ ናይሮቢም የለም፤ ወደ ካምፕ መመለስ ነው፣ ያውም ያለ ዲግሪ።

ደብዳቤዋ ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ በሙሉ ከአገር ስለወጣችበት ሁኔታ ይተርካል። በሞያሌ በኩል እንዴት እንደተሻገረች፣ እናቷ እንዴት እንዳረፉ፣ ካምፕ ውስጥ በኩራዝ እንዴት እንዳጠናች። እውነቱን ለመናገር ስናነበው እንባችን መጥቷል። ሁለተኛው ገጽ ልመና ነው። «እባክዎ» የሚለውን ቃል ቆጠርነው፣ ዘጠኝ ጊዜ አለ። ቀን ፈለግን፣ አንድም የለም። ምዕራፎቹ መቼ ገቡ? ርዕሱ መቼና በየትኛው ስብሰባ ጸደቀ? ይቀየር የተባለውስ በየትኛው ቀን? ስለ አማካሪው የሚያወራው አንድ ዓረፍተ ነገር ከመጨረሻው በፊት ተወሽቆ ይገኛል፤ እሱም «ምናልባት ጥፋቱ የእኔ ሊሆን ይችላል» ብሎ ይጀምራል። ምን እንዲደረግላት እንደምትፈልግም ደብዳቤው አይናገርም። «መፍትሔ ይስጡኝ» ይላል፤ በቃ።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ የሚቀበለውን ዲን አስቡት። ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ክምር አለ፣ በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል። አንብቦ ሲጨርስ ስለ እኅታችን ሕይወት ብዙ ያውቃል። ስለ ጉዳዩ ግን ምንም አላወቀም። ደግ ሰው ከሆነ ያዝናል። አዝኖም ፋይሉ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ምን እንዲወስን እንደተጠየቀ አያውቅማ!

የቀሩትን ስድስቱን በአጭሩ እንለፋቸው። አራቱ የዚህችው ደብዳቤ ታናናሽ ወንድሞች ናቸው። አንዱ ሲ ያገኘበት ኮርስ ቢ እንዲደረግለት ይለምናል። ሰባተኛው ግን ፍጹም ሌላ ነው። ቁጣ ነው። ትምህርት ክፍሉን በዘረኝነት ይከሳል፣ ለዩኤንኤችሲአርና ለጋዜጣ እጽፋለሁ ብሎ ያስፈራራል፣ አንዱን መምህር በስም ጠርቶ «አላዋቂ» ይለዋል። የሚገርመው ነገር እሱም ውስጥ ቀን የለም። ለማኙም ቁጡውም ተመሳሳይ ነገር ነው የረሱት።

ይህ ነገር ከየት መጣብን ብለን አሰብን። ለነገሩ «አቤቱታ» የሚለው ቃል ራሱ «አቤት!» ከሚለው ጩኸት የወጣ ነው። ተበዳይ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ቆሞ አቤት እያለ ይጮሃል፤ ከሰሙት ሰሙት። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል ተረት እየሰማን ላደግን ሰዎች ዲንም፣ ፕሮፌሰርም፣ የስኮላርሺፕ ኃላፊም ትንሽ ትንሽ ንጉሥ ናቸው። ንጉሥን ደግሞ ትለምነዋለህ እንጂ ምክንያት አትጠይቀውም።

ግን ይህ ግማሹ ታሪካችን ነው፣ እዚህ ላይ ራሳችንን ልናርም ይገባል። የኛው አገር ሰዎች «ተጠየቅ» እያሉ፣ በበላ ልበልሃ፣ ዛፍ ሥር ቆመው በነገር ሲሟገቱ ኖረዋል። መንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች አላፊ አግዳሚውን ዳኛ አድርገው ያስቀምጡ ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው እግሩን አንስቶ መሄድ አይችልም ነበር፤ ቆሞ መልስ መስጠት አለበት። ይህ ልመና አይደለም። ማንም ይሁን ማን፣ ያደረግኸውን ለምን እንዳደረግኸው ተናገር ማለት ነው። ታዲያ ይህን ባህል ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ስንደርስ የት ጣልነው?

ለዚህም ቢሆን ምክንያት አይጠፋም (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1993 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን ተሰናበቱ። መምህሩ እንዲህ ከተደረገ ተማሪው ምን ይበል? በ2001 ደግሞ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የታጠቀ ፖሊስ ከግቢው ይውጣልን፣ ማኅበራችንና መጽሔታችን በነፃነት ይሥሩ የሚል ጥያቄ አቀረቡ። ጥያቄው ሲጀመር አቤቱታ ነበር። ሚያዝያ ላይ ነገሩ በጥይት አለቀ። ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ሺዎች ታሰሩ፣ ብዙ ተማሪዎችም ድንበር ተሻግረው ወደዚሁ ወደ ኬንያ መጡ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥር 2003 በኢትዮጵያ ስላለው የአካዳሚ ነፃነት ያወጣው ሪፖርት ይህንን ዘርዝሮታል። ከኛ የሚበልጡት ታላላቆቻችን ካምፕ የገቡት በዚያ መንገድ ነው። ልጆቻቸውን «አርፈህ ተማር» እያሉ ቢያሳድጉ ማን ይፈርድባቸዋል?

እንግዲህ በጉልበት መንበርከክና ሰልፍ መውጣት፣ እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነው እያየን ያደግነው። በመካከላቸው ያለውን ሦስተኛውን መንገድ፣ ማለትም በወረቀት፣ በቀን፣ በደንብ ቁጥር መጠየቅን ማንም አላስተማረንም።

እኛ ይህን የምንጽፈው ሩቅ ቆመን አይደለም። እኛም ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ያቋረጥን ነን። የአንድ ኮርስ የፈተና ወረቀታችን ጠፍቶ «አልተፈተነም» ተብሎ ተመዘገበብን። ያን ጊዜ የጻፍነው ማመልከቻ የእኅታችን ማመልከቻ ቁርጥ ነበር። አባታችን ገበሬ መሆናቸውን ጽፈናል። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ መሆናችንን ጽፈናል። ፈተናው ላይ የፈረምንበት የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ይታይልን የሚል አንድ መስመር ግን አልጻፍንም። ፊርማችን እዚያ ላይ ነበር እኮ! ይህ ትዝ ያለን ከዓመታት በኋላ፣ ካኩማ ውስጥ ለተማሪዎቻችን የስም ዝርዝር ስናስፈርም ነው። በኋላ አገሩ ሲታመስ ትምህርቱም እኛም ሌላ ሌላ ቦታ ቀረን።

ወደ ናይሮቢ እንመለስ። የኬንያ ሕገ መንግሥት በነሐሴ 2010 ሲታወጅ አንቀጽ 47 የሚባል አጭር አንቀጽ ይዞ መጣ። ሁላችሁም እንድታነቡት እንመክራለን፤ የእንግሊዝኛ መምህራንም ለክፍል ማንበቢያ ቢያደርጉት አይጠሉትም። የሚለው ነገር ባጭሩ፣ ማንኛውም ሰው ፈጣንና ቀልጣፋ፣ ሕጋዊ፣ ምክንያታዊና ሥነ ሥርዓቱን የጠበቀ አስተዳደራዊ አሠራር ይገባዋል ነው። መብቱ የተነካ ወይም ሊነካ የተቃረበ ሰው ደግሞ ምክንያቱ በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል።

እንደ ሃያሲ አንድ ቃል ላይ እንቁም። «ማንኛውም ሰው» ይላል። ዜጋ አይልም። ቃሉ በዘፈቀደ እንዳልገባ የምናውቀው ወደ አንቀጽ 35 ስንመለስ ነው። እዚያ፣ በመንግሥት እጅ ያለ መረጃ የማግኘት መብት የተሰጠው «ለማንኛውም ዜጋ» ነው። ስለዚህ ስደተኛ ተማሪ «የቦርዱን ቃለ ጉባኤ በአንቀጽ 35 ስጡኝ» ቢል በሩ ሊዘጋበት ይችላል። «በኔ ላይ የወሰናችሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ» ካለ ግን እንደ ኬንያዊው እኩል ነው። የ2019ኙ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግም ሰው ስለ ራሱ የተያዘ መረጃ እንዲያይ ይፈቅዳል፤ እዚያም ላይ የዜግነት ጥያቄ የለም። ለኛ የተከፈተውንና ያልተከፈተውን በር ለይቶ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። በተሳሳተ በር ያንኳኳ ሰው መብት የለኝም ብሎ ይመለሳል።

ይህን አንቀጽ የሚያስፈጽመው የ2015ቱ የፍትሐዊ አስተዳደራዊ አሠራር ሕግ ነው። ከውሳኔ በፊት ማስታወቂያ፣ የመደመጥ ዕድል፣ ይግባኝ መኖሩ እንዲነገር፣ ውሳኔው የተመሠረተበት ማስረጃ እንዲታይ፣ እነዚህን ሁሉ ይዟል። ከሁሉም የወደድነው አንድ ድንጋጌ አለ። ምክንያት ተጠይቆ ያልሰጠ ባለሥልጣን፣ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ ያለ በቂ ምክንያት እንደወሰነ ይገመታል። ልብ በሉ! ዝምታው በሱ ላይ ይቆጠራል። እኛ «ዝም አይነቅዝም» እያልን ነው ያደግነው፤ እዚህ ሕግ ውስጥ ግን የባለሥልጣን ዝምታ ይነቅዛል። አገራችንም ብትሆን ከዚህ ወደኋላ አልቀረችም። በ2020 የወጣው የፌደራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ፣ ቁጥር 1183፣ የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና በምክንያት እንዲሆን ይጠይቃል። ወረቀቱ አለ ማለት ነው።

አሁን ሲ ወደ ቢ ይቀየርልኝ ያለውን ልጅ እናስታውሰው። እሱ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የሚጋሩትን ግንብ ነው የገጨው። ፍርድ ቤቶች የመምህርን የሙያ ግምት አይነኩም። አሜሪካ ውስጥ ሆሮዊትዝ የምትባል የሕክምና ተማሪ ሚዙሪ ውስጥ ልትመረቅ ጥቂት ሲቀራት ብቃት ይጎድላታል ተብላ ተባረረች። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1978 ፍርድ ቤቱ፣ የተማሪን ብቃት መመዘን የመምህራን እንጂ የዳኞች ሥራ አይደለም፣ ለዚህም እንደ ሥነ ምግባር ክስ ያለ መደበኛ ችሎት አያስፈልግም ብሎ በዩኒቨርሲቲው ፈረደ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ክላርክ የምትባል ተማሪ ነበረች። ኮምፒውተሯ ጽሑፏን በላባትና የሌላ ሰው ሥራ ገልብጠሻል ተብላ ዜሮ ተሰጣት። በ2000 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ ማርኩን እኛ አንሰጥም፣ ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው የራሱን ደንብ ጥሶ ከሆነ ከተማሪው ጋር የገባውን ውል አፍርሷልና ሊከሰስ ይችላል አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስታዩ መንገዱ ይታያችኋል። «ጽሑፌ ጥሩ ነው» ብለህ የትም አትደርስም። «ደንባችሁ ሁለት አራሚ ያስፈልጋል ይላል፣ የኔን ያረመው አንድ ሰው ነው» ብለህ ግን ሩቅ ትሄዳለህ።

ስለዚህ አንድ ተማሪ ማመልከቻ ከመጻፉ በፊት የሚያነበው ነገር አለ፤ የዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ደንብ። ከሰባቱ ልጆች ስንቱ ይህን አንብቧል ብለን ጠየቅን። አንድም። ምዝገባ ዕለት ተሰጥቷቸዋል፣ ወይ በኢሜይል ተልኮላቸዋል፤ ማንም አልከፈተውም። አንፈርድባቸውም፣ እኛም ዩኒቨርሲቲ እያለን አልከፈትነውም።

እነዚህን ደንቦች ደግሞ ቢከፍቷቸውም ራሳቸው ሂስ ያስፈልጋቸዋል። ሁለት የተለያዩ ደንቦችን አንስተን አነበብን። ቋንቋቸው ደረቅና የተጠላለፈ ነው፣ ይሁን። የሚያስቆጣው የአቤቱታው መንገድ ነው። በአንደኛው ላይ ተማሪው መጀመሪያ ቅሬታውን ለአማካሪው ያቅርብ ይላል። ቅሬታው በአማካሪው ላይ ከሆነስ? ቀጥሎ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ። ኃላፊውና አማካሪው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ቢሮ ሻይ የሚጠጡ ሰዎች ናቸው። የጊዜ ገደቡም የተቀመጠው ለተማሪው ብቻ ነው። ተማሪው በጥቂት ቀናት ውስጥ ካላመለከተ መብቱ ይቀራል፤ ኃላፊው ግን በስንት ቀን መመለስ እንዳለበት የተጻፈ የለም። ካምፕ ውስጥ ሆኖ፣ ኔትወርክ ጠፍቶበት፣ ናይሮቢ ለመውረድ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ የሚጠብቅ ተማሪ በነዚያ ቀናት ውስጥ እንዴት ይደርሳል? ደንቡን የጻፉት ሰዎች እንዲህ ያለ ተማሪ በአእምሯቸው አልነበረም።

ቢሆንም በዚህ መንገድ ማለፍ ግድ ነው። የ2015ቱ ሕግ ራሱ፣ የውስጥ ይግባኝ ሳያልቅ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አያይም ይላል፣ ልዩ ምክንያት ከሌለ በስተቀር። እንግሊዞች ለዚህ አንድ ብልሃት አላቸው። ከ2004ቱ ሕጋቸው ወዲህ የተማሪ ቅሬታ የሚያይ ገለልተኛ መሥሪያ ቤት አቁመዋል፤ ዩኒቨርሲቲውም «የኛ ቤት መንገድ እዚህ ላይ አልቋል» የሚል ደብዳቤ ለተማሪው ይጽፍለታል። ያንን ይዞ ወደ ውጭ ይሄዳል። እኛም ባንታዘዝበትም መጠየቅ እንችላለን፤ «ይህ የመጨረሻ ውሳኔያችሁ ከሆነ በጽሑፍ ይሰጠኝ» ማለት። ፋይል ውስጥ እየተንከባለለ የሚኖር ጉዳይ የትም አይሄድም። እምቢ የተባለ ጉዳይ ግን ይግባኝ አለው።

አማካሪን በተመለከተ አንድ የሚጠቅም ቁጥር እንስጥ። የኬንያ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኮሚሽን በ2014 ባወጣው መመዘኛ አንድ መምህር በዓመት ከ5 የማስተርስና ከ3 የዶክትሬት ተማሪ በላይ እንዳያማክር ወስኗል። ኮሚሽኑ ቁጥር እንደሚቆጥርም አሳይቷል። በሰኔ 2019 ጆሞ ኬንያታ የግብርናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ቀን 118 ዶክተሮችን ሲያስመርቅ፣ ይህ እንዴት ሆነ ብሎ ምርመራ ከፍቷል። እኅታችንን «አማካሪሽ ስንት ተማሪ አለው?» ብለን ስንጠይቃት «ኧረ አሥራ ምናምን ነን» አለች። ይህች አንዲት መልስ ከሁለቱ ገጽ በሙሉ ትከብዳለች። ደብዳቤው ውስጥ ግን የለችም።

ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ያለ ሌላ በርም አለ፣ ነፃ ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። በ2011 ሕግ የተቋቋመው የአስተዳደር ፍትሕ ኮሚሽን፣ ማለትም የኬንያ እንባ ጠባቂ፣ በመንግሥት ተቋማት ላይ የሚነሳ የመጓተትና የበደል ቅሬታ ይቀበላል፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም እዚያ ውስጥ ናቸው። እዚህ ላይ የቃል ነገር አንድ ጊዜ ይፈቀድልን። አገራችን በ2000 በአዋጅ ቁጥር 211 ተመሳሳይ ተቋም ስታቋቁም «እንባ ጠባቂ» አለችው። ውብ ስም ነው፣ ግን ስሙ ራሱ እንድታለቅስ ይጠብቅሃል። የኬንያው መሪ ቃል «ሃታ ምኞንጌ አና ሃኪ» ነው፤ ደካማም ቢሆን መብት አለው ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ እኅታችን በጻፈችው ደብዳቤና ልትጽፈው ይገባ በነበረው ደብዳቤ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

አንድ ነገር ግን ለይተን እንናገር። አማካሪው ጽሑፍ ለማንበብ ሌላ ነገር የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሴቶች ተማሪዎቻችን ምን ማለታችን እንደሆነ ይገባቸዋል፣ ያ የአካዳሚ ቅሬታ አይደለም። ወንጀል ነው። የ2006ቱ የኬንያ የጾታ ወንጀሎች ሕግ በሥልጣንና በአደራ ቦታ ያለን ሰው ለይቶ ይይዛል። ወደ አማካሪው ተመለሺ የሚል ደንብ እዚያ ላይ አይሠራም። በቅድሚያ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ መልእክቶቹን አታጥፉ።

ይህን ሁሉ ለአንድ የሥራ ባልደረባችን ስንነግረው ሳቀብን። «እናንተ ሰዎች፣ ይህ ለኬንያዊና ለፈረንጅ ነው። ስደተኛ ከፕሮፌሰር ጋር ተጣልቶ ማን ያስመርቀዋል? ነገ ዲፌንስ ላይ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ማን ሆነና?» አለን። ሐሰት ነው አንልም። ቂም አለ፣ ሲደርስም አይተናል። የስኮላርሺፕ ልጆች ደግሞ ሌላ ፍርሃት አለባቸው፤ ቅሬታ ካሰማን «ችግር ፈጣሪ» ተብለን ከዝርዝሩ እንሰረዛለን ይላሉ። የጀርመን መንግሥት ከ1992 ጀምሮ የሚደግፈውን ዳፊን የመሰለ ዕድል ካምፕ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚጠብቀው እናውቃለን። ዩኤንኤችሲአር በ2030 ከስደተኛ ወጣቶች 15 በመቶው ከፍተኛ ትምህርት ይግባ ብሎ ዒላማ አስቀምጧል። ስለሚገቡት ሁሉም ያወራል። ገብተው መሀል ላይ ስለሚቀሩት የሚያወራ ሰው ግን ብዙ አላጋጠመንም።

ለባልደረባችን የምንመልሰው አንድ ነገር አለ። ቂም የሚይዘው ሰው በአብዛኛው የሚቆጣው በስድቡ ነው፤ ሰባተኛው ደብዳቤ ያንን ያስነሳል። ቀን ብቻ የያዘ፣ ማንንም ክፉ የማይል ደብዳቤ ለመቂያሚያ አይመችም። በዚያ ላይ ወረቀቱ ራሱ ይጠብቃል። መዝገብ ቤት ገቢ የሆነ ቅሬታ ካለ በኋላ የመጣ ዝቅተኛ ማርክ ጥያቄ ያስነሳል፤ ከሱ በፊት የመጣው አያስነሳም። ሽምግልናም ቢሆን አንንቀውም። አማካሪ ይቀየርልኝ ለማለት በትምህርት ክፍሉ ያለ አንድ ሽማግሌ መምህር ቢሮ ገብቶ ማነጋገር ከአሥር ደብዳቤ ይበልጣል፤ አማካሪውም ሳይዋረድ ይለቃል። ብቻ ከሽምግልናው በኋላ «ዛሬ በተነጋገርነው መሠረት» የምትል አጭር ኢሜይል መላክ አይረሳ። ሽማግሌም ይረሳል። ለስኮላርሺፕ ሰጪውም ገንዘቡ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን መዘግየቱ በጀመረ ሰሞን መንገር ነው።

ለኛ ለካምፕ መምህራንም የሚሆን ነገር አለ። ባለፈው ወር አንድ የፎርም ቱ ተማሪ ከድርሰቱ ለምን አራት ማርክ እንደተቀነሰበት ጠየቀን። ክፍሉ ውስጥ ከመቶ በላይ ልጅ አለ፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ ኢንሴንቲቩም ዘግይቷል። «ተቀመጥ! ከመምህር ጋር ትከራከራለህ እንዴ?» አልነው። ተቀመጠ። ይህ ልጅ ነገ ማስተርስ ሲገባ «ምናልባት ጥፋቱ የእኔ ሊሆን ይችላል» ብሎ የሚጽፈው ከማን ተምሮ ነው? በማግሥቱ ጠርተነው ወረቀቱን አብረን አየን። ሁለቱ ማርክ የኛ ስሕተት ነበር።

የእኅታችንን ደብዳቤ አብረን እንደገና ጻፍነው። ስልክ ላይ ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ ዋትስአፗን ወደኋላ እየገለበጠች ቀኖቹን አንድ በአንድ አገኘቻቸው። አሁን አንድ ገጽ አይሞላም። ርዕሱ የጸደቀበትን ስብሰባ፣ ምዕራፎቹ የገቡበትን ቀን፣ ሁለቱን የቢሮ ቀጠሮዎች፣ ርዕሱ ይቀየር የተባለበትን ቀን ይናገራል። ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ርዕሱ የሚቀየርበት ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠኝ። በገቡት ምዕራፎች ላይ አስተያየት በስንት ቀን እንደሚደርሰኝ ይነገረኝ። ይህ የማይቻል ከሆነ ሁለተኛ አማካሪ ይመደብልኝ። ስለ ሞያሌ አንድም ቃል የለም። እሱን ስናወጣው አለቀሰች፣ ክፋት የሠራን መሰለን። «ያ ገጽ ያንቺ ነው፣ አስቀምጪው፤ አንድ ቀን ለዚህ ጋዜጣ ትጽፊዋለሽ» አልናት። «እባክዎ» የምትለዋ ቃል አንድ ጊዜ ቀርታለች፤ እንኳን ዲን የሰፈር ሹምም በጨዋነት ነው የሚጠየቅ።

በሁለት ቅጂ አሳትማ ወሰደችው። የቢሮው ጸሐፊ አንዱን ተቀብላ ሌላውን ልትመልስላት ስትል «ማህተም ያድርጉልኝ» አለች። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየቻት። «ለምን?» አለቻት። «የገባበት ቀን እንዲታወቅ» አለች እኅታችን። ማህተሙ ተመታ። ፎቶውን ልካልናለች፣ ቀኑ በደንብ ይነበባል። ይህ ዕትም ማተሚያ ቤት እስኪገባ ድረስ መልሱ አልመጣም፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፣ እየቆጠርን ነው።